ተገልብጦ የታተመው ቴምብር

ቴምብር መሰብሰብ የጀመርኩት በሌብነት ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ፣ ገና ካልተከፈተ ፖስታ፣ አውሮፕላን የተሳለባት አንዲት ቴምብር ልጬ ወሰድኩ። ጸሐፊዋ ጠርጥራ ኪሳችንን ሁሉ ስታስፈትሽ ቴምብሯ ምላሴ ሥር ነበረች። ይህን የምጽፈው ልጅነቴን ለማጣፈጥ አይደለም፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ከመጀመሪያው እንድታውቁት ነው።

አሁን ጡረታ ልወጣ ጥቂት የቀረኝ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ማለት ይቻላል ሰቆጣ ኖሬያለሁ። ተማሪዎቼን ስለ ውቅያኖስና ስለ በረሃ ሳስተምር የምታወቅ ብሆንም ከደሴ አልፌ የሄድኩባቸው ጊዜያት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዓለምን ያየሁት በቴምብር ነው። ከተማው ይህን አመሌን ያውቃል። ድሮ፣ ሰው ደብዳቤ ይጻጻፍ በነበረ ጊዜ፣ ከቤይሩትም ከጅዳም ፖስታ የደረሰው ሁሉ “ቴምብሩ ለመምህር” እያለ ጥጉን ቀዶ ያስቀምጥልኝ ነበር። ጥጉን መቅደዳቸው ያናድደኛል። ቴምብር ዋጋ የሚኖረው ከነፖስታው ሲሆን ነው፤ ከየት እንደተነሳ፣ በየት እንዳለፈ፣ መቼ እንደደረሰ ማህተሙ ይናገራል። ይህን ሳስረዳቸው በትሕትና ይሰሙኝና በሚቀጥለው ጊዜም ጥጉን ቀደው ይሰጡኛል።

በከተማው ነገሩ የገባቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ሐጂ ነበር የምንላቸው። ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ነጋዴዎች ናቸው። የገበያ ቀን ከፃግብጂ የመጣውን በኽምጣኛ፣ ከተከዜ ማዶ የመጣውን በትግርኛ ያነጋግሩታል፤ እኔ ላይ ደግሞ በአማርኛ ያሾፉብኛል። አባታቸው ከአስመራ እስከ አደን ይነግዱ ስለነበር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ አሮጌ ፖስታ ትተውላቸው ነበር። ገበያ በሌለበት ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ የአቡጀዲ ጥቅል ላይ ተቀምጬ በወረንጦ አንድ በአንድ እያነሳሁ አቀብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ሞራ ጀምሮት ነበርና በአጉሊ መነጽር ጎንበስ ብለው ያያሉ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ዓይኔ መርዶውን ይዞ ከመጣው ፖስታ ላይ አልነሳ ቢል በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና፣ “አንተ ሰውዬ፣ እኔ ስሞት መገነዣ ከፈኔ ላይ ቴምብር ይለጥፉልኛል፤ ያኔ ከሁሉ ቀድመህ ትደርሳለህ” አሉኝ በሹክሹክታ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቅ ማፈን ከባድ ነው።

ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ነው “ተደራቢ” የምንላቸውን ያገኘናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት ባተመው ቴምብር ላይ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም፣ በሐምራዊ ቀለም ትንሽ አውሮፕላንና “በአየር” የሚል ቃል በእጁ ደርቦበታል። የአየር ቴምብር ያለቀበት የፖስታ ቤት ሠራተኛ ይሆናል፤ ወይም ደብዳቤው እንዲፈጥንለት የጓጓ ነጋዴ። አዋጅ የለው፣ ፈቃድ የለው። አዲስ አበባ ላሉ አንድ ትልቅ ሰብሳቢ ጻፍኩላቸው። “ሕጋዊ ስላልሆነ በመዝገብ አይገባም፤ አትድከምበት” ብለው መለሱልኝ። ሳምንት ሙሉ ተናድጄ ሰነበትኩ። ሐጂ ግን ደብዳቤውን ሳነብላቸው ከት ብለው ሳቁ።

“እኛስ በማን መዝገብ አለን መምህር?” አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ቴምብር መሰብሰብ ተውን። ከኮረም እስከ አምደወርቅ ያልጠየቅነው ሽማግሌ፣ ያላስከፈትነው የአሮጌ ነጋዴ ሣጥን የለም። ስንት ዓመት ለፍተን ሃያ አልሞሉልንም። ከተደራቢም ሁሉ የሚበልጠው ተገልብጦ የታተመው ነው። አታሚው ማህተሙን ዘቅዝቆ ከያዘው አውሮፕላኑ ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ይወጣል፤ እንዲህ ያለው ስህተት በሺህ አንዴ ቢገኝ ነው። እኛ የሌላ አገሩን በመጽሐፍ ላይ በፎቶ ብቻ ነበር ያየነው። ሐጂ “ይህን ሳላይስ አልሞትም” ይሉ ነበር። እኔ እንደሳቸው አፍ አውጥቼ አልናገርም እንጂ ምኞቴ ከሳቸው የባሰ ነበር።

ሐጂ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ሱቁን እንዲረከባቸው ነበር ሐሳባቸው። የልጁ ልብ ግን እንደ እኩዮቹ ባሕሩን ከተሻገረ ቆይቷል፤ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ሳውዲ ሊገባ ተነሳ። በነሱ ቤት መንገድ የሚወጣ ልጅ አባቱ ፊት ይንበረከካል። አባት ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርግለታል፤ ልጅ “አሚን” ብሎ ይነሳል። ያለዚያ ከደጃፍ የወጣ እንደሆነ በመንገድ የሚደርስበት ክፉ ነገር ሁሉ በዚያ ይመካኛል። ያን ዕለት ጠዋት ልጁ ሱቁ ውስጥ ተንበረከከ። እኔም ጥቅሉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሐጂ ጀርባቸውን ሰጡትና አቡጀዲ መለካት ያዙ። ክንድ፣ ክንድ፣ ክንድ፤ ገዢ እንኳ አልነበረም። ልጁ እስኪደክመው ጠብቆ ተነሳና ወጣ።

ጅዳ መግባቱን የደወለ ቀን እናቱ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ስልኩን ለባሏ ዘረጋች። እሷ አብሮ አደጌ ናት፤ አንቱ አንባባልም። ሐጂ አልተቀበሏትም። “ይብላ፣ ይጠጣ፤ እኔን ግን አይጥራኝ” አሉ። ልጁ በየሳምንቱ ይደውላል፤ በየሳምንቱ “አባቴ አጠገብሽ አለ?” ይላል፤ እሷም ፊት ለፊቷ የተቀመጡትን ሰውዬ እያየች “መስጊድ ሄዷል” ትላለች። ሐጂ የዚያን ጊዜውን ያህል መስጊድ የሄዱበት ዘመን የለም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ስልኩም ዝም አለ። ያን ጊዜ ያየ ያውቀዋል፤ ላላየ ማስረዳት አልወድም። ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ቀኑን ሙሉ ሐጂ ሱቅ እውላለሁ። መደርደሪያው ባዶ ነበር። ስልክ እያለ እምቢ ያሉት ሰው ስልክ ሲጠፋ የልጃቸውን ድምፅ መስማት አማራቸው።

“መምህር፣ ያን ቀን የለካሁት አቡጀዲ ስንት ክንድ ነበር?” አሉኝ አንድ ቀን፣ ሳይታሰብ።

“እንጃ ሐጂ፤ አልቆጠርኩም።”

“እኔም አልቆጠርኩም” አሉ።

አንድ ረፋድ ላይ መድኃኒት የጫነ ሄሊኮፕተር ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ አረፈ። አብሮ የመጣውን የእርዳታ ሠራተኛ ደብዳቤ እንዲያደርስልን እጁን ይዤ ለመንኩት። ደግ ሰው ነበር። “በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ፤ ደብዳቤያችሁን ሰብስባችሁ ጠብቁኝ፤ ከአዲስ አበባ ፖስታ ቤት እጥልላችኋለሁ” አለኝ። ቴምብር አያስፈልግም፣ እዚያ እገዛለሁ ብሎኛል። ሐጂ ግን በዚህ አልተስማሙም። “ቴምብር የሌለው ደብዳቤ አጃቢ የሌለው ሙሽራ ነው” ብለው ከመሳቢያቸው አንድ ያልተነካ የቴምብር ሉክ አወጡ፤ ሱቃቸው ድሮ ቴምብርም ይሸጥ ስለነበር የተረፈ ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን። ሁለታችንም አንድ ነገር ነበር ያሰብነው።

የራሳችንን ተደራቢ ማህተም የቀረጽኩት ከአሮጌ ሸበጥ ሶል ላይ፣ በምላጭ ነው። የመጀመሪያውን ፊደሉን ሳላዞር ቀርጬ መስታወት ውስጥ ካልሆነ የማይነበብ ሆነና ሐጂ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ። ሁለተኛው ሰመረ፤ አንዲት አውሮፕላን፣ ከሥሯ “በአየር ሰቆጣ”። ቀለሙን ከትምህርት ቤቱ ማህተም ሰፍነግ ላይ በውኃ እያለሰለስኩ አመጣሁ። ወሬው ተሰማና ሰው መጉረፍ ጀመረ፤ ለቤይሩት፣ ለጅዳ፣ ለአዲስ አበባ። መጻፍ ለማይችለው እጽፋለሁ፤ ሐጂ ቴምብሩ ላይ ያትማሉ። ዓይንዎ አያይም፣ እኔ ላትም ብላቸው በጄ አላሉም። በረሃብ መካከል ይህን ማለት ነውር ካልሆነ፣ ያ ሳምንት ደስ ብሎን ነበር።

የራሳቸውን ደብዳቤ ሐጂ ሦስት ቀን ጻፉት። ማንንም አላስጻፉም። በሦስተኛው ቀን አሽገው፣ በጅዳ የአንድ የሚያውቁትን ነጋዴ ሱቅ አድራሻ አስጻፉኝ፤ ቴምብሩን ግን በኋላ ራሳቸው አትመው ለጥፈው ከረጢቱ ውስጥ ከተቱት።

“አውፍ ብዬዋለሁ፤ ይቅር ብዬዋለሁ” አሉኝ። “ያን ቀን የነፈግኩትን ዱዓም ጽፌለታለሁ። በወረቀት የተጻፈ ዱዓ ይሠራል ወይ ብዬ ሼኹን ጠይቄ፣ ልጁ አንብቦ አሚን ካለ ይሠራል ብለውኛል።”

እንግዲህ አላወቅኩም ማለት አልችልም። ፖስታው ውስጥ ያለውን ነገር ነግረውኛል።

ሄሊኮፕተሩ ባለው ቀን መጣ። ከረጢቱን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ፤ ሐጂ እግራቸው አብጦ ነበር። ሰዎቹ ካርቶን እስኪያወርዱ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ማየቱ አያስፈልግም ነበር፤ አመል ሆኖብኝ ነው። የሐጂ ፖስታ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አውሮፕላኗ ተገልብጣ ነበር። “በአየር ሰቆጣ” የሚለውም ተዘቅዝቆ፣ ጥርት ብሎ፣ አንድም ፊደል ሳይደበዝዝ ታትሟል። ሐጂ በዚያ በታመመ ዓይናቸው ሸበጡን ዘቅዝቀው ይዘውት ኖሯል። ስንት ዓመት የፈለግነውን በገዛ እጃቸው አትመው፣ በምራቃቸው ለጥፈው፣ አላዩትም።

ልቤ የሰባተኛ ክፍሉን ዕለት አመታት መታ። ልጁ ፖስታውን ቀዶ ይጥለዋል አልኩ። ጅዳ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል አልኩ። የእርዳታው ሠራተኛ “በአሥራ አምስት ቀን እንመለሳለን” ብሎኛል፤ ደብዳቤውን በሌላ ፖስታ አድርጌ ያኔ እሰጠዋለሁ፤ አሥራ አምስት ቀን ምን አላት? ይህን ሁሉ ያሰብኩት በአንድ ትንፋሽ ነው። ፖስታውን ኮቴ ውስጥ ከተትኩ። ከረጢቱን ለሰውየው በሁለት እጄ ሰጠሁት፤ አመሰገንኩትም።

ቤቴ ገብቼ፣ ፖስታውን መስኮቱ አጠገብ ዘርግቼ፣ ወረንጦዬን ሳነሳ ነው የሠራሁት ነገር የታየኝ። የኅሊናውን አይደለም፤ እሱ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የታየኝ የሙያው ነበር። ያልተጓዘ ፖስታ ለሰብሳቢ ምኑም አይደለም። የመነሻ ማህተም የለው፣ የመድረሻ ማህተም የለው፣ አየር ላይ አልወጣ። ሰውን ሁሉ ጥጉን ቀደዳችሁ እያልኩ ስቆጣ የኖርኩት እኔ፣ ከነጭራሹ እንዳይበር አድርጌ አስቀረሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ለኔ ነው። እንዲያም ሆኖ አልበሜ ውስጥ አስገባሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሄሊኮፕተሩ አልተመለሰም። በአሥራ አምስት ቀንም፣ በወርም። አዲስ ፖስታ አዘጋጅቼ፣ አድራሻውን ጽፌ፣ በየረፋዱ ወደ ሜዳው እየወጣሁ ሰማይ ሳይ ከረምኩ። በእግር የሚወጣ መንገደኛ አልጠፋም ነበር። ግን ከከተማው የሚወጣ ሰው ሐጂን ሳይሰናበት አይወጣም፤ “መምህር ያንቱን ደብዳቤ ሰጥቶኛል” ቢላቸውስ? ስለዚህ ለማንም አልሰጠሁም። አንድ ጊዜ የደበቅኩትን ነገር ለማውጣት ሌላ ድፍረት ይጠይቅ ነበር፤ ያ ድፍረት አልነበረኝም።

ከዚያ መልሶች መምጣት ጀመሩ። በቆላው መንገድ በእግሩ የገባ አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ የተጠራቀሙ ደብዳቤዎች ይዞ መጣ። ቤይሩት ያለችው የጎረቤታችን ልጅ መልሳለች። ጅዳ ያለ አንድ የአበርገሌ ልጅም ለእናቱ መልሷል። ከረጢቱ ደርሷል ማለት ነው። ሰው ሐጂ ሱቅ ተሰብስቦ ደብዳቤውን ሲያነብ፣ ሲላቀስ፣ እሳቸው ለእያንዳንዱ “እሰይ፣ አልሐምዱሊላህ” ይሉ ነበር። ሁሉም ሄዶ ሲያበቃ ወደኔ ዞሩ።

“መምህር፣ የኔን በእጅህ ነው የሰጠኸው?”

“በእጄ ነው ሐጂ።”

“ከሌሎቹ ጋር?”

“ከሌሎቹ ጋር።”

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ያኔ እንኳ ቤቴ ሮጬ ሄጄ ማምጣት እችል ነበር፤ ሱቁና ቤቴ አሥር ደቂቃ አይራራቁም።

“እንግዲያው አንብቦታል” አሉ። “አንብቦ ዝም ብሏል። ልክ ነው። እኔም ተንበርክኮ ሲጠብቀኝ ዝም ብዬዋለሁ።”

“መንገድ ላይ ይሆናል ሐጂ፤ መልሱ ይመጣል” አልኳቸው። ድምፄ ተሰበረ። እሳቸው ለሳቸው ያዘንኩ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ “አብሽር መምህር፣ አብሽር” አሉኝ። ያጽናኑት እኔን ነበር።

ከዚያ በኋላ ቴምብር አንስተን አናውቅም። ሱቁ ደጃፍ ወንበር አስወጥተው፣ አጥርቶ መለየት በማይችለው ዓይናቸው መንገዱን ያያሉ። ቆይተው ቆይተው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘረጋሉ፤ እንደገና ይሰበስባሉ። ስኳር ነበረባቸው፤ የሚወስዱት መድኃኒት አለቀ፤ የሚበላውም ነገር እንደሚሆን ሆነ። ግን ባለቤታቸው እንደምትለው ምግብ የተዉት ምግብ በጠፋ ጊዜ አይደለም፤ መልሶቹ የመጡ ዕለት ነው። መጨረሻቸው ሲደርስ እሷን ጠርተው “ልጄን እንዳትቆጪው፤ የዘራሁትን ነው ያጨድኩት” አሏት። እኔ በር አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ሰማሁ። በማግሥቱ ቀበርናቸው። ቃሬዛቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ትከሻዬ ላይ ምንም ነገር ቀሎኝ አያውቅም።

ስልኩ የተመለሰ ሰሞን ከተማው ሁሉ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሄድ ነበር። አንዱ በሕይወት አለሁ ይላል፣ አንዱ መርዶ ይሰማል። እኔ ሐጂ ሱቅ ከሄድኩ ቆይቼ ነበር። አሁን የምትሠራበት ባለቤታቸው ናት። አንድ ከሰዓት ለሸሚዜ ክር ልገዛ ብዬ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ክር ሌላም ቦታ ይሸጣል፤ እግሬ ነው የወሰደኝ። እሷ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ስልኳ ላይ ትጮህ ነበር፤ የልጁ ድምፅ ወደ ውጭ ይሰማል።

“አልደረሰኝም አትበለኝ! የሰው ሁሉ ደርሷል! አባትህ አሚን በለኝ ብሎህ መንገድ መንገዱን እያየ ነው የሞተው፤ አንዲት ቃል ነፈግኸው!”

“ወላሂ እማ፣ ምንም አልደረሰኝም። አባቴ መቼም አውፍ አላለኝም፤ አንቺ ልታጽናኚኝ ነው። የተረገምኩ ልጅ ነኝ። በየትኛው ፊቴ ለሀዘኑ ልምጣ?”

“እንዳልቆጣህ ቃል አስገብቶኝ ነበር፤ አንተ ግን ዋሽተህ ታስቆጣኛለህ!” አለችና እኔን አየች። “ይኸው መምህር መጥቷል፤ በእጁ የሰጠው እሱ ነው። ጠይቀው!” ስልኩን ዘረጋችልኝ።

ሴትዮዋ አሁን ባሏም የለም፤ ያላት ይህ ልጅ ብቻ ነው። እሱንም ውሸታም ነው ብላ ልትጥለው ነው። “ስልኩን አትዝጊው፤ መጣሁ” አልኳትና ወጣሁ። ቤቴ የሄድኩበትንም የተመለስኩበትንም መንገድ አላስታውሰውም። ፖስታውን ከአልበሙ ውስጥ በወረንጦ አላወጣሁትም፤ በእጄ መነጨቅሁት። ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩላት። ባሏ የለጠፈውን ቴምብር አየች። ፖስታውን አገላበጠችው። እንደታሸገ ነው። ቀና ብላ አየችኝና እንደገና ፖስታውን አየች።

“ክፈተውና አንብብለት” አለችና ስልኩን ሰጠችኝ።

ቀደድኩት። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነበር፤ ፊደሎቹ ትልልቅ፣ መስመሩን የሳቱ።

“ልጄ ሆይ፣ አሰላሙ አለይኩም። ያን ቀን እጄን አልዘረጋሁልህም፤ ከዚያ ወዲህ እጄ ሥራ እምቢ ብሎኛል። አሁን ዘርግቼልሃለሁ። አውፍ ብዬሃለሁ፤ አንተም አውፍ በለኝ። አላህ በሄድክበት ይቅደምህ። ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ቀን ይጠብቅህ። ሐላል እንጀራ ይስጥህ። እናትህን በሕይወቷ ያሳይህ። አሚን በል። አሚን ማለትህን ጽፈህ ላክልኝ፤ እስኪደርሰኝ ድረስ እጄን አላጥፈውም።”

ከስልኩ ውስጥ ለቅሶ ይሰማ ነበር። “አሚን” አለ ልጁ። ደግሞ “አሚን፣ አሚን” አለ። እናቱ ባንኮኒውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ከዚያ ልጁ ጠየቀኝ።

“መምህር፣ ይሄ መቼ ነው የተጻፈው?”

“ከመሞታቸው ሰባት ወር በፊት።”

“የት ነበር?”

“እኔ ጋ።”

“ለምን?”

የማስበው ውሸት አልነበረኝም። “ቴምብሩ ተገልብጦ የታተመ ነበር” አልኩት።

“ምን አሉኝ?”

ደግሜ ነገርኩት። እሷ ባለችበት፣ ጮክ ብዬ፣ ከሜዳው እስከ አልበሙ ድረስ ነገርኩት።

“አባቴ ደብዳቤው እርስዎ ጋ መሆኑን ያውቅ ነበር?”

“አያውቁም።”

“ደብዳቤው ደርሶኝ፣ አሚን ማለት እምቢ ያልኩት መስሎት ነው የሞተው?”

“አዎ” አልኩት።

ትንፋሹ ይሰማኛል። አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር።

“እማ” አለ፣ “ስልኩን ከሱ ተቀበይው።”

ሰጠኋት።